ባጃጇ ከግቢ የወጣች ዕለት

«እስቲ ንገሪኝ፤ ልጅ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?»

መርማሪው ነው የጠየቀኝ። ገና መመረቄ ነው፤ የተማርኩት የሕፃናት ትምህርት። ሶዶ፣ ሰፈራችን ያለውን ሜዳ በቆርቆሮ ሊያጥሩት ሲመጡ ፌስቡክ ላይ «ልጆቹስ የት ይጫወቱ?» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ተቀባበለው። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ፀጉሬን እየታጠብኩ ወሰዱኝ። «ልማት ማደናቀፍ፣ ሕዝብ ማነሳሳት» አሉኝ። አረፋው አንገቴ ላይ ደርቆ ቆዳዬን ይወጥረኛል። ለጥያቄው መልስ ነበረኝ፣ ከሃንድአውት የሸመደድኩት ረጅም መልስ። ግን ደክሞኝ ነበር። የደረቀውን አረፋ ከአንገቴ መፋቅ ጀመርኩ።

ያሰሩኝ ማረሚያ ቤት የሴቶቹ ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ቤት ይሸታል። በሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ልጅ ጫማዋን እንዳደረገች ተኝታለች። እናቷ በመሬት ጠብ ተፈርዶባት ከሁምቦ ስትመጣ ልጅቷ ጡት ትጠባ ነበር። አሁን ትሮጣለች፤ ከግቢው ሌላ ግን የምታውቀው ነገር የለም። ጨዋታዋም አንድ ነው። የጠርሙስ ክዳን ትደረድርና «ቆጠራ! ተነሱ! ዝም በሉ!» ትላለች።

«አድጋለች፣ ከዚህ በኋላ እዚህ መኖር አትችልም» ተባለና አክስቷ ልትወስዳት ከሁምቦ መጣች። በሩ ተከፍቶ ውጭ ባጃጅ ሲንጣጣ ልጅቷ ጮኸች። የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ ሽንቷን ለቀቀች። አክስትየው «ቅዳሜ አንዴ ደግሜ እመጣለሁ። እየጎተትኩ ግን አልወስዳትም» ብላ ብቻዋን ተመለሰች። ቅዳሜም እምቢ ካለች ሩቅ ከተማ ያለ ማሳደጊያ ነው የምትላከው፣ ዘመድ የማያውቀው ቦታ። እናቷ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ።

«ነይ፣ ይሄ ባጃጅ ነው።»

«ጀሪካን ነው» አለችኝ።

«ጀሪካን መሆኑን አውቃለሁ! ዝም ብለሽ ቁጭ በይበት።»

ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቁጭ አለች። አየችኝ። ምንም የለም፤ ጀሪካን ላይ የተቀመጠች ልጅ ናት በቃ። ትቼው ልነሳ ስል፣ አረካ ገበያ ላይ ዳጣ ትሸጥ የነበረች ሴትዮ ከግድግዳው ሥር መጥታ ከልጅቷ ኋላ ቁጢጥ አለች።

«ሹፌር! ሃላሌ ትሄጃለሽ?»

ልጅቷ እኔን አየች።

«ሃላሌ በባጃጅ?» አልኩ በሷ ፈንታ። «እናቴ፣ ያን ሁሉ ዳገት ማን ይገፋልሻል?»

«አንቺ ትገፊያለሻ! ዲግሪ አለሽ አይደል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጅቷም ሰው ሲስቅ ሳቀች። ከዛ ከንፈሯን አሹላ «ጥጥጥጥጥ» አለች። ለካ ያንን ድምፅ ከግንቡ ማዶ በየቀኑ ስትሰማው ነው የኖረችው።

ከዋናው በር ፊት ለፊት ቦይ አለ። እስረኛ አያልፈውም። ልጅቷ ጀሪካኗን እየገፋች እዚያ ስትደርስ ደርቃ ቀረች። ከቦዩ ማዶ የቆመችው ፖሊስ ስትስቅ አይተናት አናውቅም።

«ሳጅን፣ መንገድ ተዘግቷል እንዴ?» አልኳት። አፌ አያርፍም።

ፖሊሷ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «መንጃ ፈቃድ» አለች።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቅጠል አንስታ ሰጠቻት። ፖሊሷ ቅጠሉን ገልብጣ አየችው።

«ፎቶው አንቺን አይመስልም። ለዛሬ እለፊ።» ቅጠሉን መለሰችላትና ዱላዋን እንደ ኬላ እንጨት ቀና አደረገችላት።

እስከ ቅዳሜ ሌላ ሥራ አልነበረንም። ከበሩ ማዶ ያለውን ሁሉ ሴቶቹ ሆኑላት። አንዷ መናኸሪያ፣ አንዷ አቮካዶ ሻጭ፣ አንዷ መሀል መንገድ የተኛች ላም። «ወራጅ አለ!» የሚለው ሰው ብዛቱ። ወደ ሁምቦ ስንወርድ «ኡፍ፣ ሙቀቱ መጣ!» እያልን ሹራባችንን እናወልቃለን። መጨረሻ ላይ አክስቷን የሚሆን ሰው ጠፋ። ሁላችንም ተያየን። እናቷ ተነሳች፤ ግድግዳው ጥግ ሄዳ ቆመችና ድምጿን ቀይራ በወላይትኛ ሰላም አለቻት።

«ሳሮ፣ የእህቴ ልጅ! መንገዱ አደከመሽ?»

«ሳሮ፣ አክስቴ።»

«እንደሱ አይደለም። እቅፍ አድርጊኝ፣ ከዛ ሳሮ በይኝ። እንደገና።»

ደጋግማ አስጠናቻት። እኔ ፊቴን አዙሬ የጀሪካኑን ክዳን ማጥበቅ ጀመርኩ። የላላ ነገር አልነበረውም።

ቅዳሜ አክስትየው መጣች። ያን ቀን የፖሊሷ አለቃ በሩ ላይ ቆሟል። «ጀሪካኑ የግቢው ንብረት ነው፤ አይወጣም» አለ። ልጅቷ ጀሪካኑን አየችው፣ በሩን አየችው። ከዛ ባዶ እጇን ወደፊት ዘርግታ መሪ ጨበጠች። «ጥጥጥጥጥ።» ቦዩ ጋ ስትደርስ ቆማ ከኪሷ ቅጠሏን አወጣች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አለቃው።

ፖሊሷ ቅጠሉን ተቀበለች። ገልብጣ አየችው።

«መንጃ ፈቃድ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። ከዛ ለልጅቷ፣ «እለፊ።»

እናቷ አላለቀሰችም። «ሹፌር፣ ቀስ ብለሽ ንጂ» ብቻ አለች። በሩ ተዘጋ። ውጭ እውነተኛው ባጃጅ ሲነሳ ጆሮዬን ጣልኩ፤ የልጅቷን ጥጥጥ ከሞተሩ መለየት አልቻልኩም። ለቅሶ ግን አልነበረም። እናቷ እስክንገባ ድረስ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ማንም ተነሺ አላላትም።

ሰኞ መርማሪው አስጠራኝ። «ሜዳው ለምንም አይጠቅምም፣ ተሳስቻለሁ በይ፤ ዛሬውኑ ትወጫለሽ» አለኝ። አልልም አልኩት። «ልጅ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?» የሚለውን ያንኑ ጥያቄውን ደገመልኝ። አሁን መልሱ አጭር ነበር፤ ለሱ ግን ሰሰትኩት። ወደ ክፍሉ መለሱኝ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየሁ።

አሁን ወጥቻለሁ። ሥራ የለኝም። በየቢሮው «ምን ነበር የተማርሽው?» ይሉኛል፤ ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ። መናገሩም ሰልችቶኛል። ሜዳው ታጥሯል፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ ውስጡ ሳር በቅሏል። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ በዚያ ሳልፍ፣ ልጆች ከአጥሩ ውጭ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የፊተኛው ባዶ እጁን ዘርግቶ መሪ ይዟል። የኋለኞቹ «ወራጅ!» ይላሉ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ክላክሱን ነፋባቸው።

«እነዚህ ልጆች እዚህ ምን ይሠራሉ? ሥራ የላቸውም እንዴ?»

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኩት።

«የምን ሥራ?» ብሎ በመስታወቱ አየኝ።

«መውጣት እየተለማመዱ ነው።»