«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ»

ይህ የሆነው በኮቪድ ዘመን፣ ገደቡ ትንሽ ላላ ባለበት አንድ ታኅሣሥ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ዛሬም ሰው «ብላ» ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኝና ፊቴ ይግላል።

ከተለያዩ አገሮች የመጡ ወጣቶችን የሚያሰባስብ አንድ ማኅበር ከከተማው ወጣ ብሎ የአንድ ሳምንት የበጋ ካምፕ አዘጋጅቶ ነበር። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ጉብኝት፣ ማታ ጨዋታ። እኔም ሮዘተንቪል ሰፈር ከምሠራበት የልብስ ሱቅ ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ።

የደረስን ዕለት ማታ አስተባባሪዋ ናሌዲ የታሸገ ምግብ ስታድል እኔ ጋ ደረሰች። «ትበላለህ?» አለችኝ። በሥራ ተወጥሬ ስለዋልኩ እህል የሚባል አልቀመስኩም። ግን እንዳደግኩት «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ እኮ ይህ የጨዋታው መጀመሪያ ነው፤ ገና «በሞቴ» ይባላል፣ እንግደረደራለን፣ ከዚያ እንበላለን። ናሌዲ ግን «እሺ» ብላ ምግቡን ለሌላ ሰጠችው! ቁርስ ላይም ያው ሆነ። በልቻለሁ ያልኩ ሰውዬ ዞሬ «ስጡኝ» ልበል?

አጠገቤ የምትቀመጠው ቺኮንዲ ከማላዊ ድረስ በአውቶቡስ የመጣች ልጅ ነበረች። የዚያን ቀን ከሰዓት የምንጎበኘው የድሮ የወርቅ ማውጫ አባቷ በወጣትነታቸው የሠሩበት ነው። «አሁን አርጅቷል፤ የወረደበትን ጉድጓድ ፎቶ አንስቼ አሳየዋለሁ» እያለች ስትፍለቀለቅ አረፈደች።

ትምህርቱ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነበር። ጭምብሉ አፈነኝ፤ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ስነቃ ሁሉም ሸሽቶኝ ቆሟል። ያኔ ሰው ከወደቀ ኮቪድ ነው፣ አለቀ። ለብቻዬ አንድ ክፍል አስገቡኝና ነርስ ተጠራች። ናሌዲ የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ማንም ከግቢ እንደማይወጣ ስትናገር በመስኮት ሰማኋት። ሊወስደን የመጣው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

«ርቦኝ ነው» ብል ያልቅ ነበር። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። አውቶቡሱ ባዶውን ሲወጣ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ነርሷ መጥታ መረመረችኝ። ከኮቪድ ነፃ ነኝ። «መቼ ነው የበላኸው?» ስትለኝ አልቀረልኝም፣ ተናገርኩ።

ናሌዲ በሩ ላይ ቆማ «ሰጥቼህ አልነበር እንዴ? ለምን እምቢ አልክ?» አለች።

«እስክትለምኑኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቺኮንዲ ብቻ አልሳቀችም። ምግብ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና «አውቶቡሱ ሳይሄድ ብትነግረኝ እኮ እኔ እለምንህ ነበር» አለችኝ። ማውጫው እኛን ለማስተናገድ የፈቀደው ለዚያ ቀን ብቻ ነበር። ሳታየው አገሯ ገባች።

ዛሬ ጠያቂው ሳይጨርስ «እበላለሁ» እላለሁ። የአገሬ ልጆች ሆዳም ይሉኛል፤ ይበሉኝ። የቺኮንዲ ስልክ ቁጥር አለኝ። አባቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ልጠይቃት ስንት ጊዜ ስልኬን አነሳሁ፤ ግን አፍራለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።