ናጋ ያሉኝ እናቶች

እኔ ቶሎ የምግባባ፣ ሥራ ቶሎ የምጨርስ፣ ቶሎም የምቆጣ ሰው ነኝ። አባቴ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ እኔ ግን ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ያደግሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ኦሮምኛሽ የገበያ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ስንት ሴት በዚያው በገበያ ኦሮምኛ “በርቺ፣ ደረስሽ” ተብላ በሰላም ተገላግላለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርግዝና ጊዜ ስለሚመጣ የደም ግፊት የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡና ከሊበን ገጠር ቀበሌዎች መረጃ የምትሰበስብ አዋላጅ ፈለጉ። እኔ ተመረጥኩ። በሽታው ተንኮለኛ ነው። እናትየዋ ሳታውቀው ግፊቷ ይወጣል፣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ከጎድኗ በታች ይወጋታል። ካልተደረሰላት አንቀጥቅጦ ይጥላታል፤ ልጁንም እሷንም ሊወስድ ይችላል። ጥናቱ ማወቅ የፈለገው፣ ነፍሰ ጡሮችን ቤታቸው ድረስ እየሄድን ስለ ምልክቶቹ ብንጠይቃቸው ቶሎ እንደርስባቸው እንደሆነ ነበር። ከምልክቶቹ አንዱን “አለኝ” ያለች ሴት ወዲያው ግፊቷ ይለካል። “የለኝም” ያለች ቤቷ ትቀመጣለች።

መጠይቁ አንድ ገጽ ነው። ራስ ምታት፦ አለ ወይስ የለም። የዓይን ብዥታ፦ አለ ወይስ የለም። እንዲህ እያለ ይወርዳል። በሳምንት ሁለት ቀን በጭነት መኪና ጋቢና እሄድና የቀረውን በእግሬ አዘግማለሁ። አንዷን እናት ለመጨረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እዚህ አገር ሰላምታ ረጅም ስለሆነ፣ ጊዜ እንዳይባክን ጥያቄዬን ከሰላምታው ጋር አያይዤ አስኬደዋለሁ።

“አካም? ናጋ?” እላለሁ። አካም እንዴት፣ ናጋ ሰላም ማለት ነው።

“ናጋ።”

“ልጆቹ ናጋ? ከብቶቹ ናጋ?”

“ናጋ፣ ናጋ።”

“ራስሽን አያምሽም?”

“ናጋ።”

“ዓይንሽስ? እግርሽስ?”

“ናጋ።”

የለም፣ የለም፣ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ቀጣዩ ቤት። በዚህ ፍጥነቴ በጣም እኮራ ነበር። በሌሎች ወረዳዎች የተመደቡት መረጃ ሰብሳቢዎች ግማሽ ሳይደርሱ እኔ የወሩን ጨርሼ ከተማ ውስጥ እንጎራደዳለሁ።

በወሩ መጨረሻ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር መጣና የቅጾቼን ክምር አንድ በአንድ ገለጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

“ሲስተር፣ እነዚህ ሴቶች የሚበሉት ምንድን ነው?”

“ለምን ዶክተር?”

“እኔም እዚያ ሄጄ ልኑር ብዬ ነው። ራሷን ያማት አንዲት እንኳ የለችም። እኔ ትናንት ገብቼ በነገሌ ሙቀት ራሴ ሊፈነዳ ነው።”

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ የሞላሽው እንዳይሆን ብቻ” አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ አቧራ ጠጥቼ፣ ያን ሁሉ እሾህ ረግጬ! “ያሉኝን ነው የጻፍኩት! ካላመኑ ራስዎ ሄደው ይጠይቋቸው!” አልኩና በሩን ወርውሬው ወጣሁ። በሩ ግን አሮጌ ስለነበር አልጮኸልኝም፤ ያም አናደደኝ።

በማግስቱ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፤ ሁሉን ቤት ታውቃለች። ብሶቴን ዘረገፍኩላት። እሷ እቴ፣ በሳቅ ፈረሰች።

“እህቴ፣ ሰላምታ ላይ እኮ ነው የምትጠይቂያቸው!” አለችኝ። “ሰላምታ ላይ ማን ክፉ ያወራል? እኛ ዘንድ ሰው ሞቶ እንኳ መጀመሪያ ናጋ ነው የሚባለው። ከዚያ ወተት ይቀርባል። ዝናብ ይወራል፣ ከብት ይወራል። የሰው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንቺ መኪና ላይ ነሽ።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?”

“መች ተቀምጠሽ! እኔንም ናጋ ብለሽኝ ነው ቅጽሽን ይዘሽ የምትሮጪው።”

እኛስ ብንሆን? ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ፣ ያው ዶክተር “እንዴት አደርሽ?” ሲለኝ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና” ብዬው ነበር። ለእናቶች ትምህርት ስሰጥ ግን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እያልኩ እሰብክ ነበር።

እንግዲህ እንቀመጥ ተባለ። ኤክስቴንሽኗ የግፊት መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ባለፈው ሳምንት ጠይቄያት ወደነበረች አንዲት ወጣት ቤት ይዛኝ ሄደች። ይቺ ሴት ስምንት ወሯ ነው። አምና በዚሁ ወሯ የመጀመሪያ ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል። ባሏ ከብት ይዞ ሩቅ ግጦሽ ሄዷል፤ ቤት ያሉት እሷና አማቷ ብቻ ናቸው። ኤክስቴንሽኗ መንገድ ላይ እንደነገረችኝ፣ አምና ሲያማት አማትየው “ልጄ ሳይመጣ ሚስቱን የትም አልልክም” ብለው ሁለት ቀን ጠብቀው ነበር።

ገብተን ተቀመጥን። ናጋ፣ ናጋ ተባባልን። ወተት በጮጮ መጣ፤ የረጋ፣ ጭስ ጭስ የሚል የሚጣፍጥ ወተት። ዝናቡ እንደዘገየ ተወራ። ከዚያ ስለጠፋች አንዲት ጊደር ወሬ ተጀመረ፤ የት እንደጠፋች፣ ማን እንዳያት፣ ማን አይቻለሁ ብሎ እንዳላያት። የእኔ እግር መሬቱን ይደልቃል፤ ኤክስቴንሽኗ በክርኗ ትጎስመኛለች። ጊደሯ እግዚአብሔር ይስጣት በመጨረሻ ተገኘች።

ወተታችንን ስንጨርስ ልጅቷ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች።

“ሰሞኑን ዓይኔ ላይ እሳት ብልጭ ብልጭ ይላል” አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ቀለል አድርጋ። “ራሴንም በገመድ እንዳሰሩኝ ያደርገኛል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“አንቺ ባለፈው ከመምጣትሽ በፊት ጀምሮ።”

ክው አልኩ። ባለፈው ስመጣ በራሴ እጅ የጻፍኩት “የለም” የሚል ነው። ግፊቷን ለካነው፤ ላይኛው ከመቶ ስልሳ በላይ ወጣ። አሳርፈን ደገምነው፤ ያው ነው። ፊቷን አሁን ሳየው አብጧል። ባለፈው ሳምንት ምናልባት አብጦ ነበር፤ እኔ ያየሁት ቅጹን ነው።

ለአምቡላንስ ተደወለ፤ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ሩቅ ቀበሌ ሄዷል ተባለ። በዚህ መሃል አማትየው ከጥጆቹ በረት ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እኔ “አምና የሆነውን ረስተውት ነው?” ብዬ ልጮኽባቸው ተዘጋጅቻለሁ። ኤክስቴንሽኗ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ። አሮጊቷ ግን ሥርዓት ነውና ቀድመው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

“አካም? ናጋ?”

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ “ናጋ ሚቲ፣ አዴ” አልኳቸው። “ናጋ አይደለም፣ እናቴ” ማለቴ ነው።

እጄን እንደያዙ ቀሩ። በዕድሜያቸው ለዚያ ሰላምታ እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

“ከብቱ ነው?” አሉ ቀስ ብለው።

“የልጅዎ ሚስት ናት። አምና ሕፃኑን የወሰደው በሽታ ተመልሶ መጥቷል ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ ሆስፒታል ካልገባች ሁለቱንም ልናጣቸው እንችላለን።”

ልጅቷን አዩዋት። እኔን አዩኝ። ከዚያ የትከሻቸውን ጋቢ አወረዱና ለልጅቷ አለበሷት።

“ልጄ ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ” አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ “አንቺስ ምን ትገተሪያለሽ? መኪና ፈልጊ እንጂ!” ብለው ጮኹብኝ። የጮኸብኝን ሰው በሕይወቴ አመስግኜ አላውቅም፤ ያን ቀን በልቤ አመሰገንኩ።

መንገዱ ላይ የተገኘው ፍየል የጫነ መኪና ነበር። ነጋዴው ጋቢና ተንፈላሶ ተቀምጧል። አሮጊቷ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በሩን ከፈቱና በዱላቸው ወደ ፍየሎቹ አመለከቱት። ወረደ። ነገሌ እስክንደርስ ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር አብሮ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ የልጅቷን እጅ ይዤ ብቻ “እንዳትንቀጠቀጥ፣ እንዳትንቀጠቀጥ” እያልኩ እጸልያለሁ።

አልተንቀጠቀጠችም። ሆስፒታል እንደገባች መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን የማግኒዥየም መርፌ ተወጋች፣ የግፊት መድኃኒት ተሰጣት፣ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒትም ተጀመረላት። በማግስቱ ከሰዓት ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽ ናት፣ ጫጩት የምታክል፤ ስትጮህ ግን ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ ያያል። አያትየው አቅፈው ሲያዩዋት ቆዩና፣ “ይቺስ እንደዚያች ቁጡ ዶክተር ናት” አሉ። ነርስ ነኝ ብዬ ለማረም አቅም አልነበረኝም፤ ጥግ ይዤ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

ዶክተሩ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተቀበልኩት፤ ግን ደስ አላለኝም። ዛፍ ሥር አልሞላሁትም እንጂ ቅጹ ውሸት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነፍስ ሊሆን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቅጿን ይዤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጇን እያጠባች ነበር። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ያለፈው ሳምንት ጥፋቴን ነገርኳት፤ “ራስ ምታት አለ ወይ ለሚለው የለም ብዬ ጻፍኩብሽ” አልኳት። ማንበብ አትችልም፤ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። በጥናት ሥራ የተጻፈ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና እውነቱ ከጎኑ ተጽፎ ይፈረምበታል። እያየችኝ ሰረዝኩት፣ “አለ” ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ወረቀቱን አገላብጣ አየች።

“የሌሎቹስ?” አለችኝ።

“የማን?”

“የጎረቤቶቼ። በእኛ መንደር እርጉዞቹ አምስት ነን። ያን ቀን አምስታችንንም ጠይቀሻል።”

የሰው ምስጢር ነው፣ ምን እንዳሉኝ ልነግርሽ አልችልም አልኳት። ሳቀችብኝ።

“አንቺ አትንገሪኝ፤ እኔ ልንገርሽ። ሁላችንም ናጋ ነው ያልንሽ።” ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። “በረቱ ጋ ያለችው እውነትም ደህና ናት፤ እንደ ጊደር ትዘላለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ምንም ብትሆን አትናገርም፤ እሷን ሁለቴ ጠይቂያት። ኮረብታው ሥር ያለችው እዚህ ጋ፣ ከጎድኗ በታች፣ እጇን ጭና ነው የምትውለው።”

አራተኛዋ ጣት ላይ ስትደርስ ሳቋ ጠፋ።

“ጉድጓዱ ጋ ያለችው እግሯ ጫማ አልገባ ብሏት የባሏን ሸበጥ አድርጋ ነው የምትሄደው” አለች። “መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ። እሷም እንደ እኔ አንድ ቀብራለች።”

የጭነት መኪናው ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቅሁም። የግፊት መለኪያ ተውሼ፣ መንገዱ እስከሚያስኬደው ድረስ ብዬ ባጃጅ ተኮናትሬ ወጣሁ።