የካሊምኖሱ ሰው ልጅ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐርላ መንደር አጠገብ ያለውን ጉብታ ይዘን የድሬዳዋን መግቢያ እንድንጠብቅ ተባልን። ጊዜው የ1969 ክረምት፣ የሶማሊያ ጦር የተቃረበበት ነበር። እኛ ሠላሳ አንድ ነበርን።

መትረየስ ተኳሻችን አስር አለቃ ያኒ ይባላል። እናቱ የሐረርጌ ሰው ነበረች። አባቱ ሙሴ ኒኮላ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ ግሪካዊ የባቡር መካኒክ ናቸው። ካሚዮን ላይ ስንወጣ ሽማግሌው ወረቀት ይዘው መጡ። የእሳቸውና የያኒ ከአገር መውጫ ፈቃድ ነው፤ አውሮፕላኑ በማግሥቱ ይነሳል። ሻምበላችን አይቶ እንዳላየ ዞር አለ።

«አባባ፣ ግሪክ አገር ማን አለኝ?» አለ ያኒ።

«ግሪክ መቼ አልኩህ? ካሊምኖስ ነው ያልኩህ፤ ደሴታችን። ቱርክ ገዛን፣ ጣልያን ገዛን። እኛ ግን ካሊምኖስ ነን ማለት አልተውንም።»

«እኔም ድሬ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ጉብታው ላይ ስንቆፍር ግመሎች የሚነዳ አንድ አዛውንት ወደ ከተማው ሲሸሽ አገኘን። «ውሃ ይዛችኋል?» ብሎ ብቻ ጠየቀና አለፈ። ያኒ ስለ አያቱ አጫወተኝ፤ ለገላ መታጠቢያ የሚሸጠውን ስፖንጅ ከባሕር ወለል ሊለቅም ጠልቆ፣ በፍጥነት ሲወጣ ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ጠላቂዎቹ ሲሄዱ፣ ማን እንደማይመለስ ሳይታወቅ ሴቶቹ ጥቁር ይለብሱ ነበር አለኝ። ደስ አላለኝም። «ሌላ ወሬ የለህም?» አልኩት።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የታንክ ድምፅ ሰማን። ከዚያ መድፍ። ሻምበሉ ወደቀ። የግራ ምሽጋችን ዝም አለ። ሦስት ሰዓት ላይ በሬድዮ አፈግፍጉ ተባልን።

«ሂዱ፣ እኔ እሸፍናለሁ» አለ ያኒ።

«አብረን እንውረድ» አልኩት።

«አቦ ሂድ በቃ!»

ወረድን። መትረየሱ ከበላያችን ይጮህ ነበር። ጉብታው ግርጌ ስንደርስ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ረዳት ጦር መጥቶ ጉብታውን መልሰን ያዝን። ሙታናችንን ቆጠርን፤ አሥራ አንድ። ያኒን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ለአባቱ እንድነግር ተላክሁ። አውሮፕላኑ ሄዷል። እሳቸው ግን በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሲያዩኝ ገባቸው። «ፊቱ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው» አልኳቸው።

አልነበረም። ሬሳውን ሳናሳያቸው ቀበርነው። ደግ ሠርቼ እንደሆነ ወይም በድያቸው እንደሆነ፣ ይኸው አርጅቼም አላውቅም።