አልመገለም የተባለው ጣቴ

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ መድኃኒት ቤት ገብቼ የግፊት ክኒኔን ስጠብቅ፣ ቆርቆሮ ጣቱን የቆረጠው አንድ ጎረምሳ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ከፊቴ ቆሟል። ሻጩ ጨርቁን እንኳ ሳያስፈታው፣ እንዳያመረቅዝብህ ብሎ ካፕሱል ዘረጋለት። ወላሂ፣ ደሜ ፈላ! የኔ የግራ ሌባ ጣት በዚሁ ነገር እስከ ዛሬ ቀጥ እንዳለ ቀርቷል።

ኮረዳ ሳለሁ፣ እዚያ አገሬ ጨፋ፣ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ከተፈለገ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ሙሽሮቹ የዘሃራ እጅ ካልነካን ይሉ ነበር። ታላቅ እኅቴ መሪማም ከመኸር በኋላ ልትዳር ነበርና፣ ጸጉሯን ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ቃል አስገብታኛለች።

ህዳር ላይ ለማሽላ አጨዳ ደቦ ወጣን። ፀሐዩ ሳይበረታ ቂጣ በልተን፣ ቃሪቦ ጠጥተን፣ እየተሳሳቅን ስናጭድ ማጭዴ አገዳውን ስቶ ጣቴን በውስጥ በኩል ቆረጠኝ። አጎቴ ሰይድ ወደ ከተማ በረረ። መድኃኒት ሻጩ የተቆረጠችው የት አለች አላለም፤ ካፕሱል ሰጥቶ ሸኘው። አጎቴም እንደ አገሩ ልማድ አንዱን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፣ የቀረውን እየዋጥኩ እንድጨርስ አዘዘኝ፣ ጣቴንም ቀጥ አድርጎ አሰረና እንዳላንቀሳቅሰው አስማለኝ።

ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ መገለ ወይ? አልመገለም። አልሐምዱሊላህ እየተባለ ካፕሱሉ ተመሰገነ። ይታጠፋል ወይ ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ቁስሉ ደርቆ ጨርቁ ሲፈታ ጣቴ እምቢ አለኝ። ደሴ ወስደው ለሐኪም አሳዩኝ። አጎቴ ተቆጥቶ፣ መድኃኒት መች አጓደልንባት ብሎ ሲሟገት ሐኪሙ ጣቴን ገልብጦ አየና እንዲህ አለ።

«መድኃኒት የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም። ያኔውኑ ብትመጣ ቁስሉ ታጥቦ ጅማቱ ይሰፋ ነበር፤ ይኼ ሁሉ ካፕሱልም ላያስፈልጋት ይችል ነበር።»

የመሪማን ጸጉር ሌላ ሰው ሠራላት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ማበጠሪያ አቀብል ነበር። አለቀስኩ፤ ሰዉም የደስታ እንባ ነው ብሎ ተወኝ።

እና ያን ጎረምሳ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? «ኮቱ ልጄ፣ ና እስቲ ፍታው» አልኩት።

ሻጩ ፊቱን አጨማደደ። «እናቴ፣ ይኼ እኮ መከላከያ ነው።»

«ከምኑ ነው የሚከላከለው? ልጄ፣ ጣትህን እጠፋት።»

ልጁ ጨርቁን ፈትቶ ሊያጥፋት ታገለ። ጫፏ ንቅንቅ አላለችም።

ይኼን ያህል ዘመን አልፎም ቁስልን የምንመዝነው በመግሉ ብቻ ነው። ኧረ መቼ ነው የሚበቃን? ክንዱን ይዤ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁትና ሾፌሩን ወደ ሆስፒታል ንዳ አልኩት። መንገድ ላይ ልጁ፣ ትንሽ ቁስል ናት፣ አላመረቀዘችም እኮ እያለ ሲነጫነጭብኝ ያችን ቀጥ ያለች ጣቴን ፊቱ ላይ ደቀንኩለት።

«ይቺም አልመገለችም» አልኩት።