ዜሮዋን የበላው ዓምድ

ሬንስኬ ከእረፍቷ የተመለሰች ዕለት የቢሮው ስልክ ሁሉ ይጮኽ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ አንዱን አነሳች።

«ላሜን ገደላችኋት!» አለ አንድ ሽማግሌ በፍሪስኛ፣ በአካባቢው ገበሬዎች ቋንቋ።

«ማን ልበል?»

«ሲትሴ ነኛ! ከአልደቦርን! አሁን የማልባትን ላም የእናንተ ማሽን የለችም ይለኛል። እግሬን ረግጣኝ ቆማ!»

ሬንስኬ ዓይኗን ጨፈነች። የተወለደችው ስኔክ ከተማ አጠገብ ካለ የላም አርቢ ቤት ነው። በጠዋት መነሳት አንገሽግሿት ኮምፒውተር ተማረች፤ ሥራ ያገኘችው ግን ሌዋርደን ከተማ፣ የገበሬዎቹ የወተት ምርመራ ማኅበር ውስጥ ሆነና ከላም ሳታመልጥ ቀረች። የላሞቹን የኮምፒውተር መዝገብ፣ ዳታቤዙን፣ ከባዶ የሠራችው እሷ ናት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለአንድ ሳምንት ከባሏ ጋር በጀልባ ሐይቅ ለሐይቅ ትዞራለች፤ ስልኳ ቤት ይቀራል። ዘንድሮ አለቃ ሆኖ የመጣው ወጣቱ ዮሪት የሠራውን የሠራው በዚያች ሳምንት ነው።

«ዮሪት፣ የላሞቹን የጆሮ ቁጥር ዓምድ ምን አደረግከው?»

«አስተካከልኩታ!» አለ ደስ ብሎት። «ዓምዱ ጽሑፍ እንዲቀበል ነበር የተሠራው። ያው ቁጥር ስለሆነ ወደ ቁጥር ቀየርኩት። ፍለጋው እንዴት እንደፈጠነ አላየሽም?»

«የሚገኝ ላም ስለሌለ ነው የፈጠነው።»

ጆሮዋ ላይ 0417 የሚል ምልክት ያላት ላም ቁጥር ብቻ በሚቀበል ዓምድ ስትገባ 417 ሆና ትቀራለች፤ ከፊት ያለች ዜሮ ለቁጥር ትርፍ ናት። ከላቦራቶሪ የሚመጣው የወተት ውጤት ግን 0417ን ፈልጎ ያጣና ይመለሳል። ከድንበር ማዶ ከጀርመን የተገዙት፣ ምልክታቸው ላይ ፊደል ያለባቸው ደግሞ ጭራሽ ባዶ ሆነዋል።

«ታዲያ አራት አሃዝ እስኪሞላ ዜሮ እንጨምርላቸው» አለ ዮሪት።

«ድሮውንም ሦስት አሃዝ ለሆኑትስ?»

ዮሪት ስክሪኑ ላይ ሦስት አሃዝ ያላቸውን መፈለግ ጀመረ።

«ንገረኝ እስቲ፣ የላም ጆሮ ትደምራለህ? ትቀንሳለህ?»

«ኧረ አልደምርም።»

«እንግዲያው ቁጥር አይደለም። በአሃዝ የተጻፈ ስሟ ነው!»

ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ልትመልሰው ስትሞክር ማሽኑ እምቢ አለ። የልደቱ ሰንጠረዥ፣ የሕክምናው፣ የወተቱ፣ ሁሉም በዚያ ዓምድ ተሳስረዋል። አንዱን ፈትታ ወደ ሌላው ስትሄድ «የዳታው ዓይነት አይጣጣምም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይጠብቃታል። ያንን ስታቃና እዚያ ማዶ ሌላው ይበላሻል። የምሳዋ አይብና ዳቦ ደረቀ፣ አሬራዋ ሞቀ። ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣት ሬንስኬ አባቷ እምቢተኛ ጊደር ይሰድብበት የነበረውን ስድብ ኮምፒውተሩ ላይ አወረደችው። አጠገቧ ባለው ክፍል ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

ዓምዱ በመጨረሻ ወደ ጽሑፍ ተመለሰ፤ ከእረፍቷ በፊት የተቀመጠ ቅጂ ስለነበረም አብዛኞቹ ላሞች ስማቸው ተመለሰላቸው። በሳምንቷ የተወለዱትና የተገዙት ግን ቅጂው ውስጥ የሉም። ለነዚህ ባለቤቶቹን መጠየቅ ግድ ሆነ። ስልክ አነሳች፣ ደወለች። አይጠራም። ሌላ ሞከረች። አይጠራም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር አተኩራ አየችው፤ የፊቷ ዜሮ የለችም።

ቀስ ብላ ወደ ዮሪት ዞረች። ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ።

«ስልክም ያው... ቁጥር መስሎኝ...»

ሬንስኬ ወጥታ ብስክሌቶቹ የሚቆሙበት ቦታ ትንሽ ቆየች፣ ተመለሰች፣ ዜሮዋን በእጇ እየጨመረች መደወል ጀመረች። አንዱ ገበሬ ስለ ዝናብ አወራላት። ሌላው «ማሽን እያለሽ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አላት። ሲትሴ ጭራሽ አላነሳም። መኪናዋን አስነስታ አልደቦርን ሄደች።

«ላሜን የገደልሽው አንቺ ነሽ?» አላት ከበረቱ በር ላይ።

«ላስነሳልዎት ነው የመጣሁት። ባለፈው ሳምንት ነው አይደል የገዟት? ጆሮዋ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬ ቤት ነው። ራስሽ አንብቢ።»

ምልክቱ በእበት ተሸፍኗል። ሬንስኬ በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ላሟ እስከዚያ የኮቷን ኪስ ላሰችላት። 0417።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንዲት ዜሮ?» አለ ሲትሴ። «ምንም ማለት እኮ ናት።»

«አለቃዬም እንደሱ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የእበቱ ሽታ እስከ ቤቷ ተከትሏት ሄደ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የወተቱ ውጤት ከየላሙ ጋር ተገናኘ፤ ስልኩም ጋብ አለ። ዮሪት የስኳር ዳቦ ገዝቶ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ቆመ፤ ምስጋና ይሁን ይቅርታ የሚጠብቀው ለራሱም አልገባውም። ሬንስኬ አንድ ቁራጭ እያላመጠች ዓምዶቹን ከእሷ ፈቃድ ውጭ ማንም እንዳይነካቸው ቆለፈቻቸው። ሁለተኛውን ቁራጭ ስታነሳ ነው «ቁጭ በላ» ያለችው።