የፀጉር አስተካካዩ ፖም

ፀጉር አስተካካዩ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ማጅራቱን ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሠርግ ተጠርቶ እንኳ የሙሽራው ጆሮ ግንድ ላይ የተረሳች አንዲት ፀጉር ካየ ምግብ አይወርድለትም። ይህ አመሉ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አፍርቶለታል። ጓሮው ውስጥ ግን ጉድ ሠራው።

ጓሮው ውስጥ ሦስት ዛፎች አሉ። ጸደይ ሲገባ ኮኩ ይቀድማል፤ ቅጠል እንኳ ሳያወጣ ሮዝ ለብሶ ብቅ ይላል። ፕሪሙ ነጩን ለብሶ ይከተለዋል። ከሁሉ ኋላ መምጣት የነበረበት ፖሙ ነው፤ እሱ ግን ከተተከለ ጀምሮ ቅጠል እንጂ አበባ አሳይቶ አያውቅም። «ወንደላጤው» ብላ ስም ያወጣችለት ሚስትየዋ ናት። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና፣ ዘንድሮም ካላበበ ይቆረጥና የልብስ ማስጫ ይዘረጋበታል አለች። አናጺ ወንድሟም መጋዙን ሞረደ።

ባልየው ፖሙን ከችግኝ ያሳደገው በእጁ ነውና ልቡ ተሰቀለ። የሚያውቀውን ሁሉ አደረገለት፤ ሥሩን ኮተኮተ፣ ፍግ ጨመረ፣ ከዚያም በየዓመቱ እንደሚያደርገው ብርዱ ሊወጣ ሲል መሰላል ላይ ወጥቶ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ዙሪያውን እኩል ከረከመ። ወርዶ ዞሮ አየው። መስተዋት ቢኖር ከኋላም ያሳየው ነበር።

ኮኩ አብቦ ረገፈ። ፕሪሙም አብቦ ረገፈ። ፖሙ ዝም። አናጺው መጋዙን ይዞ መጣና የእህቱን ባል ከዛፉ ጋር እንዲሰነባበት ጋበዘው። ሚስትየዋ ግንዱ ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ወደ አጥሩ ስትዞር ቆም አለች። መሰላል የማይደርስበት፣ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤት ጣራ ላይ የተጋደመ አንድ ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ አብቧል።

ባሏን ጠራችው።

«ይሄኛውን ምነው ሳታስተካክለው ቀረህ?»

«እጄ አልደረሰማ።»

«እኛንስ የጎዳን እጅህ የደረሰበት ነው።»

የፀሐይ ጉዳይ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። አናጺው አጥር ሥር ተጠርገው ከተጣሉት የቅርንጫፍ ጫፎች አንዱን አነሣ፤ ጫፉ ላይ ወፍራም እንቡጥ ደርቆ ቀርቷል። ሌላ አነሣ፤ እሱም ያው። የዘንድሮው አበባ በሙሉ እዚያ ተከምሯል። ባልየው የደንበኛ ጆሮ የቆረጠ ይመስል እጆቹን ከኋላው ደበቀ።

መጋዙ ወደ መጣበት ተመለሰ። የተወረሰው የዛፉ መከርከሚያ መቀስ ነው፤ ሚስትየዋ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

በሚቀጥለው ጸደይ ኮኩ ቀደመ፣ ፕሪሙ ተከተለ፣ ከዚያ ፖሙ ተንጨባርሮ፣ ጎፍሮ፣ አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ጎን ሰድዶ አበበ። ሚስትየዋ ሥሩ ወንበር አውጥታ ጠራችው። ተቀምጦ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ሸጎጠና ቀና ብሎ ሲያየው ቆየ።

«አምሮበታል» አለ። ከዚያም አንድ እጁን አውጥቶ፣ «እዚያ ከጆሮው በላይ ያለችውን ብቻ . . .»

«እጅህን ሰብስብ» አለችው።