ቃሌን አትጨርሱልኝ

መጀመሪያ ጠመኔው ወደቀ። ሰቆጣ ውስጥ አምስተኛ ክፍል ፊት ቆሜ ሳይንስ እያስተማርኩ ነበር። ላነሳው ጎንበስ ስል ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። «ዝም በሉ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ጉርምርምታ ነው። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ታላቅ ወንድሜ ካሳ ከደሃና ለገበያ መጥቶ ቤቴ አርፎ ነበር። «መጋኛ ነው የመታው» ብሎ አስተኛኝና እስከ ማግስቱ በጭስ ሲያጥነኝ ዋለ፣ አደረ። ሆስፒታሉ ከቤቴ ብዙም አይርቅም። ደም ግፊት ላለበት ሰው ባይመከርም ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ልጄ ትርንጎ ባልደረቦቼን ጠርታ በቃሬዛ አስወሰደችኝ። ሐኪሙ ግፊቴን ለካ። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። አወቅሁት። ስሙ የለም። ፈለግሁት። የለም። አለቀስኩ።

«ስትሮክ ነው» አላቸው ሐኪሙ ለትርንጎና ለካሳ። «የንግግሩ መጥፋት ደግሞ አፌዥያ ይባላል። መምህሩ አልጃጁም፤ የምትሉትን ይሰማሉ። ቃል ሲፈልጉ አትጨርሱላቸው። በየቀኑ ያልጠበቁትን ነገር እያሳያችሁ አናግሯቸው።»

ካሳ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ስትሮክ» የሚለውን ብቻ ነው። ቤት ከገባን ጀምሮ ለእኔ መናገር ሥራው ሆነ። ጠያቂ ሲመጣ «ደክሞታል»፣ «ርቦታል»፣ «አሜን ይላል»። አንድ ቀን ውጡልኝ ልል «ው…» ስል «ውሃ አምጡለት!» ብሎ ጮኸ። ውሃውን ጋቱኝ። ከሽባው እጄ ይልቅ ያ ውሃ አመመኝ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ትርንጎ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለነው እኔና እሷ ነን። ካሳ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የላካቸው የዝቋላ ሰው ነው፣ ፍየሉ ብዙ ነው፣ ለወንድ ልጁ ትርንጎን ይፈልጋል። እኔ ስንቷን ተማሪ ከእንዲህ ያለ ሠርግ ለማስቀረት ከአባቶቻቸው ጋር የተጣላሁ ሰው፣ ጥግ ተቀምጬ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

«ዝም ካለ ተስማምቷል» አለ ካሳ። «ቃሉን እኔ እሰጣችኋለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንቡ ከአባቷ አፍ መስማት ነው። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን።»

ትርንጎ የሐኪሙን ቃል አልረሳችም። በእኛ አገር ቅርጫ ሲገባ ሥጋው በዕጣ ነው የሚከፈለው፤ እያንዳንዱ ጠጠር ወይም ስንጥር ይሰጣል፣ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። እሷም አሮጌ ባርኔጣዬን ይዛ ጠዋት ጠዋት ጎረቤቱን መዞር ጀመረች። ሁሉም ያገኘውን ይጥልበታል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በሰነፉ ግራ እጄ አንዱን አወጣለሁ።

«አባየ፣ ስሙ እንቢ ካለዎ የመጣልዎን ይናገሩ» አለችኝ። «እኔ ዝም እላለሁ።»

ማንኪያ ወጣ። «ሐሙስ» አልኩ። ቁልፍ ወጣ። ምንም። ግድግዳው ላይ ወረወርኩትና የተሟላ፣ ያማረ ስድብ ከአፌ ወጣ። ትርንጎ በሳቅ ፈረሰች። ሐኪሙ በኋላ ሲሰማ «ስድብ ብዙ ጊዜ ይቀድማል» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ፤ «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ቀኑን ሙሉ ባሳድዳት ትሸሸኛለች፣ ከባርኔጣው የወጣ ያላሰብኩት ነገር ግን ያላሰብኩትን ቃል ይዞ ይመጣል፤ አንድ ጠዋት የዶሮ ላባ ወጥቶ «ላባ» ማለት ቢያቅተኝም በሠርጋችን ዋዜማ ከትርንጎ እናት እጅ አምልጣ ቄሱ ቤት ስለገባችው ዶሮ እየተንተባተብኩ፣ እየሳቅሁ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ያን ታሪክ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። «አይሆንም» ልል ነው። ቃሏ አልመጣችም። ላቤ ወረደ።

«እንግዲህ ዝም ብሏል» አለ ካሳ።

ትርንጎ ባርኔጣውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። እጄን ከተትኩ። የወጣው የፍየል በጠጥ ነው፤ አንድ ክፉ ጎረቤት ጥሎበት ነበር። ካሳ በእፍረት ፊቱን ሸፈነ።

«ፍየል» አልኩ።

«አዎ፣ ፍየሉማ ብዙ…» ብሎ ካሳ ሲጀምር ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ተወው። ይጨርስ።»

ጠበቁኝ። ያን ያህል የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።

«ፍየል… ይሸጣል» አልኩ። «ልጄ… አትሸጥም።»

ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ሰምተናል» አሉ፣ ወጡ። ትርንጎ ያን ዓመት ፈተናዋን ተፈተነች።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ሽማግሌውን፣ ባርኔጣውን ያልናቁ ጎረቤቶቼን፣ በጠጥ የጣለውን ጭምር አመሰግናለሁ። ወንድሜን ግን ገና ነኝ። ይቅር በል የሚሉኝ ውሃ ያልተጋቱት ናቸው።

እናንት የታመመ ቤታችሁ ያለ፣ አፍ ሲጣመም ጭስ አታጢሱ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ። የግፊት ኪኒን አታቋርጡ። ባርኔጣ ፈልጉ፣ ያገኛችሁትን ጣሉበት። የቀረውን ለበሽተኛው ተዉለት። ቃሉ ሲዘገይ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ በውስጡ እናንተ ያላሰባችሁት «እንቢ» ይኖራልና።